ጭራቁ ምን ይፈልጋል?

የጥንቶቹ አስፈሪ ፊልሞችና ተከታዮቻቸው፦ የትኛው ቆመ፣ የትኛው ወደቀ፣ ለምን?

ጊዜው ኦገስት 1938 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመዘጋት ትንሽ የቀረው አንድ ሲኒማ ቤት አዲስ ፊልም የሚከራይበት ገንዘብ አጥቶ፣ ሦስት ያረጁ ፊልሞችን በርካሽ ተከራየና በአንድ ትኬት ማሳየት ጀመረ፦ «ድራኩላ»፣ «ፍራንከንስታይን» እና «የኮንግ ልጅ»። ሰልፉ የሕንፃውን ጥግ ታጥፎ ሄደ። የማሳያው ሰዓት ቢራዘምም ሰው አልቀነሰም። በ1931 ድራኩላን ሆኖ የተወነው፣ በእነዚያ ወራት ግን ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ቤላ ሉጎሲ በአካል መጥቶ ተመልካቹን ሰላም እንዲል ተጠራ።

ወሬው የ«ድራኩላ» እና የ«ፍራንከንስታይን» ባለቤት ለሆነው ለዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ደረሰ። ስቱዲዮው ሁለቱን ፊልሞች አጣምሮ በመላው አሜሪካ አሰራጨ። ገንዘቡ መግባት ሲጀምር አዲስ የፍራንከንስታይን ፊልም ታዘዘ። ቀረጻው በኖቬምበር ተጀምሮ ፊልሙ በጃንዋሪ 1939 ለተመልካች ደረሰ። የአስፈሪ ፊልም ተከታይ የሚወለደው እንዲህ ነው። ጭራቁን ከመቃብሩ የሚቀሰቅሰው በፊልሙ ውስጥ መብረቅ፣ ከፊልሙ ውጭ ደግሞ ትኬት ነው።

በዚያ ሰልፍ ከታዩት ሦስት ፊልሞች አንዱ ግን ራሱ ተከታይ ነበር። «ኪንግ ኮንግ» በማርች 1933 ወጥቶ ጉድ ሲያሰኝ፣ የሠራው አርኬኦ ስቱዲዮ ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር፣ «የኮንግ ልጅ»ን አደረሰ። በጀቱ ካባቱ በብዙ ያነሰ ነው፤ ጎሪላውም እንደዚያው። ነጭ ጸጉር ያለው፣ የዋህ፣ ሰውን የሚረዳና ተመልካችን የሚያስቅ ሆኖ መጣ። ዛሬ ኮንግን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ልጁን የሚያስታውሱት ግን የፊልም ታሪክ ወዳጆች ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል ዩኒቨርሳል በ1935 ያወጣው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ተከታይ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሃያሲዎች ከመጀመሪያው እንደሚበልጥ ይመሰክሩለታል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ስግብግብነትና ጥድፊያ የተለመዱት መልሶች ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን «ሙሽራ»ም የተሠራው ለገንዘብ ነው። የተሻለው መልስ ያለው አንድ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል፦ ጭራቁ ምን ይፈልጋል? ለዚህ መልስ ያለው ተከታይ ይቆማል፤ መልሱ የጠፋበት ይወድቃል። ይህን ለመፈተን ከዩኒቨርሳል የፍራንከንስታይን ተከታታይ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፦ ስምንት ፊልም፣ 17 ዓመት፣ አራት ተዋናይ፣ አንድ ጭራቅ።

እጁን ወደ ብርሃን የዘረጋው

የ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» የሚጀምረው በማስጠንቀቂያ ነው። ሱፍ የለበሰ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ የሚታየው ነገር ሊያስደነግጥ እንደሚችል በትህትና ይናገራል። ቀጥሎ በሚመጣው የተዋንያን ዝርዝር ደግሞ የጭራቁ ተዋናይ ስም መጻፍ ባለበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጧል።

ከጥያቄ ምልክቱ ጀርባ የነበረው ቦሪስ ካርሎፍ ነው። በትውልድ ስሙ ዊልያም ሄንሪ ፕራት የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ደርሶም ገና በትንንሽ ሚናዎች ይንከራተት ነበር። ፊቱን የሠራው የግሪክ ተወላጁ የሜካፕ ባለሙያ ጃክ ፒርስ ነው። ፒርስ ነገሩን እንደ ቀዶ ሐኪም አሰበው፤ አንጎል የሚተክል ሰው የራስ ቅሉን አናት እንደ ክዳን ቆርጦ መልሶ ይገጥመዋል ብሎ ግንባሩን ከፍ፣ አናቱን ጠፍጣፋ አደረገው። አንገቱ ላይ የኤሌክትሪክ መቀበያ ብረቶች ተከለ። ካርሎፍ በበኩሉ አፉ ውስጥ የነበረውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አወጣ፤ አንዱ ጉንጩ ወደ ውስጥ ጎደጎደ። ሜካፑ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር።

ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል ይህን ፊት እንዴት እንደሚያሳይ ያውቅበታል። ጭራቁ በሩን አልፎ የሚገባው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ቀስ ብሎ ይዞራል። ካሜራው አንዴ ይቀርባል፣ እንደገና ይቀርባል። የሚያጅበው ሙዚቃ የለም፤ ፊልሙ ከመክፈቻውና ከመዝጊያው ውጭ የጀርባ ሙዚቃ የለውም። ከዚያ ፈጣሪው ዶክተር ፍራንከንስታይን የጣራውን መስኮት ሲከፍት ብርሃን ይወርዳል። ጭራቁ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ሊጨብጠው ይሞክራል። መስኮቱ ሲዘጋ እጆቹ ባዶ ይቀራሉ፤ ወደ ዶክተሩ ዞሮ በምልክት ይለምናል። አንድ ቃል ሳይናገር የሚፈልገውን ነግሮናል።

ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ሁሉ ክልከላ ነው። የዶክተሩ ረዳት በችቦ ያስፈራራዋል፤ በሰንሰለት ይታሰራል። ሸሽቶ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ማሪያ የምትባል ሕፃን አበባ ትሰጠዋለች። እየተፈራረቁ አበባ ወደ ውሃው ይወረውራሉ፤ አበባው ይንሳፈፋል። እጁ ላይ ያለው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ይወረውራታል። የየግዛቱ ሳንሱር ይህን መጨረሻ ቆርጦ አወጣው፤ ለአሥርት ዓመታት ተመልካቹ ያየው ጭራቁ እጁን ወደ ሕፃኗ ሲዘረጋ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አባትየው የልጁን አስከሬን ተሸክሞ ሲመጣ፣ በመሃል የሆነውን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጨለማ ሞላው። ሊያለዝበው የታሰበው መቀስ የጭራቁን ስህተት ወንጀል አደረገበት። የተቆረጠው ክፍል ወደ ቦታው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው።

ፊልሙ የሚያልቀው በነፋስ ወፍጮ ቃጠሎ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ዶክተር ፍራንከንስታይንም ከወፍጮው ተወርውሮ ይሞታል፤ ስቱዲዮው ግን ከሙከራ ማሳያዎች በኋላ መትረፉን የሚያሳይ አጭር ትዕይንት አስጨመረ። ያቺ ትዕይንት ለተከታዩ በር ከፈተች።

ቃል ያወጣው

ዌል ለተከታዩ በቀላሉ እሺ አላለም። ከጉዳዩ የሚወጣውን ሁሉ አውጥቻለሁ ብሎ ያምን ነበር። በመሃሉ ሌሎች ፊልሞችን ሠራ፤ «የማይታየው ሰው» ከእነሱ አንዱ ነው። በመጨረሻ ሲስማማ እንደልቡ የመሥራት ነፃነት ይዞ ገባ። በጀቱም ከፍ አለ፦ የመጀመሪያው 300 ሺህ ዶላር ሳይሞላ የተሠራ ሲሆን፣ «ሙሽራ» ወደ 400 ሺህ ተጠጋ። ፈተናው ሳንሱሩ ነበር። ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ ሆሊዉድ የራሱን የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ማስፈጸም ስለጀመረ፣ የደንቡ ቢሮ ኃላፊ ጆሴፍ ብሪን ስለ ግድያውም ስለ ንግግሩም ከስቱዲዮው ጋር ተጨቃጭቋል።

ፊልሙ ዝናብና መብረቅ በሚወርድበት ሌሊት፣ ምቹ ሳሎን ውስጥ ይከፈታል። የመጽሐፉ ደራሲ ሜሪ ሼሊ ታሪኩ አላለቀም ብላ ለባሏና ለጓደኛቸው ለባይረን ትተርካለች። ወዲያው ወደተቃጠለው ወፍጮ እንመለሳለን። የማሪያ አባት የጭራቁን አጥንት በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብሎ ፍርስራሹ ውስጥ ሲገባ፣ ከሥር ወዳለው ውሃ ይወድቃል። ጭራቁ የተረፈው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። አባትየው ሰጠመ። ሚስቱ ከላይ ሆና ባሏ መስሏት እጇን ትዘረጋለች፣ ትጎትታለች፤ የምታወጣው ጭራቁን ነው። እሷም አትተርፍም።

ይህን አጀማመር ልብ ማለት ያስፈልጋል። «የኮንግ ልጅ» ጭራቁን ወደ የዋህነት ሲያወርደው፣ «ሙሽራ» የመጀመሪያውን ፊልም ሐዘንተኞች በመግደል ይጀምራል። ዌል ጭራቁን እንድንወደው ብሎ ጥፍሩን አልቆረጠም። አስፈሪነቱን እንዳለ ይዞ ሌላ ነገር ጨመረበት።

የጨመረው ነገር ጫካ ውስጥ ባለች አንዲት ጎጆ ይመጣል። ዓይነ ስውር ባሕታዊ ቫዮሊን ይጫወታል። ጭራቁ በሙዚቃው ተስቦ፣ ቆስሎ፣ በሩ ላይ ይደርሳል። ሽማግሌው ፊቱን ስለማያይ አይፈራውም፤ ቁስሉን ያጥብለታል፣ ይመግበዋል፣ ጓደኛ ስለላከለት አምላኩን እያለቀሰ ያመሰግናል። በጭራቁ ጉንጭ ላይም እንባ ይወርዳል። ከዚያ ትምህርት ይጀመራል፦ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ጥሩ፣ መጥፎ፣ ጓደኛ። ይህን ትዕይንት ሜል ብሩክስ በ1974 «ወጣቱ ፍራንከንስታይን» ብሎ በሠራው ኮሜዲ አላግጦበታል፤ ዋናውን ሲያዩት ግን ሳቁም እንባውም አብረው ይመጣሉ። ዌል ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ የሚችል ሰው ነበር።

ካርሎፍ ራሱ ጭራቁ መናገሩን አልወደደውም፤ ንግግር ምሥጢሩን ይገፈዋል ብሎ ተከራክሯል። ሰው ሠራሽ ጥርሱንም ለንግግሩ ሲል መልሶ ማድረግ ስለነበረበት ፊቱ ከፊተኛው ሞላ ብሎ ይታያል። በጭራቁ ላይ ያለው ክርክር ግን ለዌል ያደላል። ብርሃን የፈለገው ፍጡር አሁን ጓደኛ እንደሚፈልግ በራሱ አፍ መናገር ቻለ። አዳኞች መጥተው ጎጆዋ ስትቃጠል ያጣውን ነገር ከነስሙ ስለሚያውቀው፣ ክፋቱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምክንያት አለው። ዶክተር ፕሪቶሪየስ የተባለው አሳሳች ሰው ሚስት እንደሚሠራለት ቃል ሲገባለት፣ የዶክተር ፍራንከንስታይንን ሙሽራ አፍኖ እስከመውሰድ የሚያደርሰው ይኸው ፍላጎት ነው።

በሙዚቃም በኩል ልዩነቱ የጎላ ነው። ከናዚ ጀርመን የሸሸው አቀናባሪ ፍራንዝ ዋክስማን ለጭራቁ፣ ለፕሪቶሪየስና ለሙሽሪት ለየራሳቸው ዜማ ሰጣቸው። በመጀመሪያው ፊልም ዝምታ የነገሠበት ቤተ ሙከራ በሁለተኛው እንደ ልብ ትርታ በሚመታ ከበሮ ይሞላል።

ሙሽሪት የምትታየው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ኤልሳ ላንቼስተር በመክፈቻው ሜሪ ሼሊን፣ በመዝጊያው ሙሽሪትን ሆና ትጫወታለች፤ በዝርዝሩ ላይ ከሙሽሪት ትይዩ ያለው የጥያቄ ምልክት ነው። አንገቷን በድንገት እየሰበረች እንደ ወፍ ትመለከታለች። የምታወጣውን የማፏጨት ድምፅ የወሰደችው በለንደን መናፈሻ ካየቻቸው ስዋን ከሚባሉ ነጭ የውሃ ወፎች መሆኑን ተናግራለች። ጭራቁን ስታየው ትጮኻለች። ለእሱ ተብላ የተፈጠረች ፍጡር አልፈልግህም አለችው።

ሁለቱ ፊልሞች የሚለያዩበት ትልቁ ነጥብ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ1931 ጭራቁን ሰዎች አሳድደው ያቃጥሉታል። በ1935 ዶክተሩንና ሙሽራውን ሂዱ፣ ኑሩ ብሎ ካስወጣቸው በኋላ፣ ቤተ ሙከራውን የሚያፈነዳውን ማንሻ በራሱ እጅ ይስበዋል። በመጀመሪያው ሞት ደረሰበት፤ በሁለተኛው ራሱ ወሰነ። ከብርሃን ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛ ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ፍርድ፤ ፍላጎቱ አድጎ አድጎ እዚህ ደረሰ። ታሪኩ በእውነት ያለቀው እዚህ ነው።

አንድ በአንድ የተወሰደበት

ስቱዲዮው ግን አላለቀም። የዩኒቨርሳል መሥራች ካርል ለምሌና ልጁ በ1936 ኩባንያቸውን በዕዳ አጡ። ብሪታንያም በ1937 ለአስፈሪ ፊልሞች ከ16 ዓመት በታች ያለ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ልዩ ምልክት ስታወጣ ገበያው ጠበበ። ለሁለት ዓመት ያህል ጭራቆቹ ሥራ ፈቱ። የ1938ቱ ሰልፍ የቀሰቀሳቸው ያኔ ነው።

«የፍራንከንስታይን ልጅ» መጥፎ ፊልም አይደለም። 99 ደቂቃ ይረዝማል፤ የዛቡ ግድግዳዎቹና ረጃጅም ጥላዎቹ ያምራሉ፤ ቤዚል ራዝቦን የዶክተሩን ልጅ ሆኖ በጉልበት ይጫወታል። ግን ጭራቁ መናገር ትቷል፤ ለምን እንደተወ የሚያስረዳ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይቆያል። ፊልሙን የሚዘውረው ኢጎር ነው፤ ተሰቅሎ አንገቱ ተሰብሮ የተረፈ ብረት ቀጥቃጭ፣ የፈረዱበትን ሰዎች አንድ በአንድ በጭራቁ እጅ የሚያስገድል። ሉጎሲ ይህን ሚና በሕይወቱ ከሠራቸው ምርጦች ተርታ አሰልፎታል። ይሁንና ፍላጎቱ ከጭራቁ ወደ ኢጎር ተሻገረ፤ ጭራቁ መሣሪያ ሆነ። ካርሎፍ ሚናው ከዚህ በኋላ የሚያድግበት ቦታ እንደሌለው ተረድቶ ጭራቅነቱን ተወ።

በ1942ቱ «የፍራንከንስታይን መንፈስ» ጫማውን ሎን ቼኒ ታናሹ ተጫማው። እዚህ አንድ ድንቅ ሐሳብ አለ፦ ጭራቁ ከአንዲት ሕፃን ጋር ይወዳጅና የእሷ አንጎል እንዲተከልለት ይፈልጋል። የሚዘገንንም የሚያሳዝንም ፍላጎት ነው፤ የማሪያን ሐይቅ ያስታውሳል። ፊልሙ ግን አይሰማውም። በተንኮል የኢጎር አንጎል ይተከልበታል። ጭራቁ በኢጎር ድምፅ መናገር ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ የደም ዓይነታቸው ስላልተስማማ ይታወራል። የራሱ አንጎል፣ የራሱ ድምፅ፣ በመጨረሻም ዓይኑ ሄደ።

በ1943ቱ «ፍራንከንስታይን ከተኩላው ሰው ጋር ሲገናኝ» ላይ የደረሰው ነገር በፊልም ታሪክ ከሚገርሙት አንዱ ነው። ጭራቁ የኢጎርን አንጎል ስለተሸከመ፣ ኢጎር የነበረው ሉጎሲ በ60 ዓመቱ ጭራቁን እንዲሆን ተመረጠ። ቀረጻው ሲካሄድ ጭራቁ ይናገር ነበር፤ መታወሩንም ያስረዳ ነበር። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ግን ንግግሩ በሙሉ ተቆርጦ ወጣ። የድርሰቱ ጸሐፊ ከርት ሲዮድማክ በኋላ እንደተረከው፣ ጭራቁ በሃንጋሪ ቅላፄ ሲናገር ሲሰሙት ሳቅ በሳቅ ሆነው ነበር። መቀሱ ንግግሩን ሲያወጣ ስለ ዓይነ ስውርነቱ የተነገረውንም አብሮ አወጣ። ስለዚህ ተመልካቹ ያየው፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እየዳበሰ የሚሄድ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ፍጡር ነበር። ዛሬ የዓለም ልጆች ሁሉ ጭራቅ ሲጫወቱ እጃቸውን ዘርግተው እግራቸውን አድርቀው የሚራመዱት ያንን ዓይነ ስውር ነው። ካርሎፍ በ1931 እጁን የዘረጋው ብርሃን ለመያዝ ነበር፤ ከ12 ዓመት በኋላ ያው የተዘረጋ እጅ ትርጉሙ ተወስዶ ቅርጹ ብቻ ቀረ።

ቀጥለው የመጡት «የፍራንከንስታይን ቤት» (1944) እና «የድራኩላ ቤት» (1945) ድራኩላን፣ ተኩላውን ሰውና ጭራቁን በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰቡ። ግሌን ስትሬንጅ የተባለው ግዙፍ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ጭራቁን ሆኖ ፊልሙን በአብዛኛው ተኝቶ ያሳልፋል፤ ሊያልቅ ሲል ይነሣል፣ ጥቂት ያፈርሳል፣ ይሞታል። የ1945ቱ ፊልም መደምደሚያ ቃጠሎ በከፊል ከ1942ቱ ፊልም የተቆረጠ ነው፤ ለጭራቁ አዲስ ሞት እንኳ አልተመደበለትም። በ1948 ኮሜዲያኑ አቦትና ኮስቴሎ ሲገናኙት ዋናው ጉዳይ ለጭራቁ ቀላል፣ ታዛዥ አንጎል መፈለግ ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ስቱዲዮው ላለፉት ዓመታት ያደረገውን ከዚህ በላይ በትክክል የገለጸ የለም።

ይህ ቅነሳ የክፋት ሥራ አልነበረም፤ የንግድ ሥሌት አለው። የሚናገርና የሚመኝ ጭራቅ ካርሎፍን የሚያህል ተዋናይ ይፈልጋል፤ ተዋናይ ደግሞ ይሄዳል፣ ይከራከራል፣ ዋጋ ይጨምራል። የፒርስ ሜካፕ ግን የስቱዲዮው ንብረት ነው። ጭራቁ ከፊትና ከአረማመድ ያለፈ ነገር ከሌለው፣ ቁመተ ረጅም ሰው ሁሉ ሊሆነው ይችላል።

መሞት የፈለገው

በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው ዘመን፣ ይህን ፈተና ያለፈ አንድ ጭራቅ ግን አለ። «ተኩላው ሰው» በዲሴምበር 1941 ወጣ። ላሪ ታልቦት የሚባል ሰው በተኩላ ይነከስና ራሱ ተኩላ ይሆናል፤ በመጨረሻ የገዛ አባቱ ማንነቱን ሳያውቅ የብር እጀታ ባለው ምርኩዝ ይገድለዋል። በ1943ቱ ተከታይ መክፈቻ ሁለት ሌቦች ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት መቃብሩን ይከፍቱና ሬሳው አንዱን ጨብጦ ይይዘዋል። ትዕይንቱ ዛሬም ጸጉር ያቆማል።

ታልቦት ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መሞት፣ ዳግም ላይነሣ። የፍራንከንስታይንን ማስታወሻ የሚፈልገው ሕይወት የመስጠትን ምሥጢር የያዘ ሰው ሕይወት የማጥፋትንም ያውቃል ብሎ ነው። ሚናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጫወተው ቼኒ ታናሹ ብቻ ሲሆን፣ በኮሜዲው ውስጥ እንኳ በሙሉ ቁም ነገር ነው የሠራው። የታልቦት ፊልሞችም ደካሞች አሏቸው። ሆኖም ተከታይ መሠራቱ ራሱ የእሱ ሥቃይ ነው፤ ስቱዲዮው ባስነሣው ቁጥር እርግማኑ እየጠነከረ ይሄዳል። ትኬት ሻጩና ታሪኩ በአንድ ገመድ የተሳቡበት ጊዜ ይህ ነው።

ምንም የማይፈልገው

ሕጉን የሚፈታተን ጭራቅ ከጃፓን መጣ። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ ደሴት ላይ ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ «ላኪ ድራጎን 5» የተባለችውን የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ 23 ሠራተኞች በጨረር መረዘ። በኖቬምበር የኢሺሮ ሆንዳ «ጎጂራ» ወጣ፤ የፊልሙ የመጀመሪያ ተጠቂዎችም ባሕር ላይ ያሉ መርከበኞች ናቸው።

ጎጂራ ምን ይፈልጋል? ምንም። ቶኪዮን የሚረግጠው ተቆጥቶ ይሁን ተርቦ አናውቅም። ፍላጎቱ ያለው በሰዎቹ ዘንድ ነው፤ ካሜራውም ከጥፋቱ በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ሕፃናት በጨረር መለኪያ ሲመረመሩ ያሳየናል። ጭራቁን የሚገድል መሣሪያ የፈጠረው ሳይንቲስት ሴሪዛዋ፣ ፈጠራው በመንግሥታት እጅ እንዳይወድቅ ወረቀቶቹን አቃጥሎ ራሱም ባሕር ውስጥ አብሮ ይሞታል። እዚህ ጭራቁ የቁስል ቅርጽ ነው፤ የራሱ ምኞት ባይኖረውም የአንድ ሕዝብ ሕመም ተሸክሟል።

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1955፣ ተከታዩ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ተቀይሯል፤ አቀናባሪው አኪራ ኢፉኩቤም የለም። ሁለተኛ ጎጂራ ይመጣል፤ አንጊረስ ከሚባል ሌላ አውሬ ጋር ኦሳካ ላይ ይተናነቃል። ሁለት ጭራቆች ሲደባደቡ ግን ሰው ተመልካች ይሆናል፤ ጥያቄው ማን ይሞታል መሆኑ ቀርቶ ማን ያሸንፋል ይሆናል። ዩኒቨርሳል በ1943 የጀመረው መንገድ ይህ ነበር፤ ጃፓን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚያበላ ሙያ ሆነ። ብዙዎቹ የሚያዝናኑ ፊልሞች ናቸው። ቁስሉ ግን በአብዛኞቹ ውስጥ የለም።

ወደ ውሃው የተመለሰው

የዩኒቨርሳል የመጨረሻው ታላቅ ጭራቅ በ1954 በ«የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር» መጣ። ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ የሆነውን ገላውን የነደፈችው ሚሊሰንት ፓትሪክ ናት። በሰፊው የሚታወቀው ትዕይንት ውሃ ውስጥ ነው፦ ሴቲቱ ከላይ ትዋኛለች፤ ፍጡሩ ከሥሯ በጀርባው ተንጋሎ እንቅስቃሴዋን እየተከተለ ይዋኛል። የውሃ ውስጡን ፍጡር የተጫወተው ሪኩ ብራውኒንግ ልብሱ ውስጥ የአየር ጠርሙስ ስለሌለው ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። ፍጡሩ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ንግግር አያስፈልግም።

የዚህ ፍጡር ተከታዮች ፍላጎቱን ትተው ዓለሙን ይነጥቁታል። በ1955ቱ «የፍጡሩ በቀል» ተይዞ ወደ ፍሎሪዳ ይመጣል፤ ሰው ከፍሎ በሚያየው የውሃ ገንዳ ውስጥ እግሩ በሰንሰለት ይታሰራል። በ1956ቱ «ፍጡሩ በመካከላችን ይመላለሳል» እሳት ቅርፊቱንና እንደ ዓሣ የሚተነፍስበትን ያቃጥለዋል። ሐኪሞች ሳንባ እንዳለው ደርሰውበት አየር እንዲተነፍስ ያደርጉታል፤ ልብስ ያለብሱትና በአጥር ይከልሉታል። በመጨረሻ አጥሩን ጥሶ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ እኛ ግን አሁን ውሃው እንደሚገድለው እናውቃለን። ሦስተኛው ፊልም በጀቱ ዝቅ ያለ፣ ወሬው የበዛ ነው። ሆኖም በጭራቁ ላይ የሚፈጸመውን ቅነሳ ራሱን ታሪክ ስላደረገው፣ ከዝናው በላይ የሚገባው ፊልም ነው።

ለእነዚህ ፊልሞች እውነተኛውን ተከታይ የሠራው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በልጅነቱ የ1954ቱን ፊልም አይቶ፣ ፍጡሩና ሴቲቱ አብረው ቢቀሩ ብሎ እንደተመኘ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2017 ያን ምኞቱን «የውሃ ቅርጽ» አድርጎ ሠራው፤ በተከታዩ ዓመት የምርጥ ፊልም ኦስካርን ጨምሮ አራት ሽልማት አገኘ። በሕግ የዩኒቨርሳል ፊልም ተከታይ አይደለም። በመንፈስ ግን ፍጡሩ የፈለገውን ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ የሰጠው እሱ ብቻ ነው። በዚያው 2017 ዩኒቨርሳል የድሮ ጭራቆቹን በሙሉ በአንድ ተከታታይ ለማሰባሰብ ብሎ በቶም ክሩዝ «ዘ ማሚ» ጀመረ። የመጀመሪያው ፊልም ገና ስለሚመጡት ተከታዮች ሲያወራ የራሱን ታሪክ ረሳ፤ ዕቅዱም በአንድ ፊልም ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ ሁለት ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው የ1931ዱንና የ1935ቱን አከታትሎ ይይ፤ ተደምረው ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞሉም። ሦስተኛ ከጨመረ የ1943ቱን የመቃብር መክፈቻ፤ መሳቅ ካማረው የ1948ቱን። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን አዲስ ተከታይ ሁሉ በግማሽ ሰዓት መመዘን ይችላል። መብራቱ ከጠፋ ሠላሳ ደቂቃ ሲያልፍ ጭራቁ የሚፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ይቆይ። ካልቻለ፣ እዚያ ፊልም ውስጥ የሆነ ነገር የሚፈልገው ስቱዲዮው ብቻ ነው፤ እሱም የሚፈልገውን በር ላይ ተቀብሏል።